ቤት ናት

አናጢው በሩን ገፍቶ ሲገባ ክፍሏ ጠባብ ሆነችበት። ልጅ ሳለ አገር ታህል ነበር። የመንደሩ ልጅ ሁሉ፣ ከፊደል ቆጣሪ እስከ ትልልቁ፣ እዚህች አንዲት ክፍል ውስጥ በአንድ አስተማሪ ተምሯል፤ አንዱ ረድፍ ሲያነብ ሌላው ይደምራል፣ የቀረው ይንጫጫል። አሁን መንገድ ዳር ትልቅ ትምህርት ቤት ተሠራና ይቺኛዋ ትፍረስ ተባለ። ሊያፈርሷት የመጡት ሠራተኞች «እዚያ ቤት ስም ይጠራል» ብለው እግሬ አውጪኝ ብለዋል። እሱም ቢሆን ጀግና ሆኖ አይደለም። የእህቱን አግዳሚ ወንበር ሌላ ሰው እንዳይፈልጠው ብሎ ነው።

አስተማሪው ስም ሲጠራ የራሱ ደንብ ነበረው። የመጣ ልጅ «አቤት» ይላል፤ ለቀረው ደግሞ አጠገቡ የሚቀመጠው «ቤት ነው» ይልለታል። የሚጠራቸውም ራሱ ባወጣላቸው ቅጽል ስም ነው፤ አናጢውን «ቀዥቃዣው»፣ ታናሽ እህቱን «ዝምተኛዋ»። ልጅቷ በኩፍኝ በሞተች ሰሞን አስተማሪው ልማድ ሆኖበት ጠራት። አጠገቧ ይቀመጥ የነበረው ወንድሟ «ቤት ናት» አለ። ከዚያ ወዲያ አስተማሪው መጥራቱን አልተወም፤ ልጁም ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ እንባውን እየዋጠ «ቤት ናት» ሲል ከረመ።

አናጢው አግዳሚውን ሊነቅል ጎንበስ እንዳለ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሰሌዳው በኩል ያ የሚያውቀው የአስተማሪው ሻካራ ድምፅ ተሰማ።

«ጥርሶ!»

«አቤት» አለ ባዶው ወንበር።

«አፈ ጮሌው!»

«አቤት!»

ሁለቱንም የቀበራቸው እሱ ነው፤ ሣጥናቸውን በእጁ ሠርቶ። መዶሻው ከእጁ ወደቀ። እናቱ «ጠሪህን ሳታይ አቤት እንዳትል፤ ይዞህ ይሄዳል» ትለው ነበር።

«ዝምተኛዋ!»

«አቤት» አለች፣ እዚያው አጠገቡ።

ድምፅዋን ሲሰማ ፍርሃቱ ጥሎት ሄደ። ናፍቆት ብቻ ቀረው፤ ሚስቱንም ልጆቹንም ረሳ። ከእሷ ቀጥሎ የሚጠራው ማን እንደሆነ ያውቃል። አንዲት ቃል ቢመልስ አብሯት መቀመጡ ነው።

«ቀዥቃዣው!»

አፉን ከፈተ።

«ቤት ነው» አለች እህቱ፣ ቀድማው።

ጠሪው ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። አናጢው አግዳሚውን እየዳበሰ ቆየ። ከዚያ እህቱ ውሸታም እንዳትሆን፣ መዶሻውን እንኳ ሳያነሳ፣ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ሄደ።