የአስታማሚዋ ግራ ጉንጭ

ሁለቱም ቅጾች የተሞሉት በአንድ ጠዋት፣ በአንድ እስክሪብቶ ነው። ስለ ሦስተኛው ሕክምና ይጠይቃሉ።

ታካሚዋ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «እንደ ፊተኞቹ ሁለቱ ነበር። ምንም አላመመኝም። ማሽኑ ሲንጣጣ እሰማለሁ፣ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ ይሸተኛል፤ ፊቴ ላይ ግን ከቀዝቃዛው አየር በቀር የተሰማኝ ነገር የለም። ቤት ገብቼ ተኛሁ። በማግስቱ ልብስ አጥቤ ሥራ ገባሁ።»

አስታማሚዋ ደግሞ እንዲህ፦ «በጣም ያማል። በእሳት የጋለ መርፌ አንድ በአንድ ሲተከል ማለት ነው። ማሽኑ ሲቆምም ቃጠሎው አይቆምም። ሦስት ቀን ትራስ አያስነካም። በአራተኛው ቀን ቅርፊቱ እንደ አሸዋ ይረግፋል።»

ክሊኒካችን የብጉር ጠባሳን በሌዘር ያክማል። የእኔ ሥራ ታካሚዎችን ከሕክምና በፊትና በኋላ ፎቶ ማንሳትና ቅጽ መሰብሰብ ነው። ቅጹን ታካሚውም አብሮት የመጣው ሰውም ለየብቻ ይሞሉታል። ይህን ያመጣችው ሐኪሟ ናት፤ ሰው ስለ ራሱ ሕመም ሲጠየቅ ይዋሻል ትላለች። አንዱ ጀግና ለመምሰል «ምንም» ይላል፤ ሌላው ገና ጥጥ ሳይነካው ያለቅሳል። ኮሌጅ የተማርኩት ስታቲስቲክስ ስለሆነ ሁለት ምስክሮች ሲለያዩ አንዱን አልጥልም፤ ሁለቱንም መዝግቤ ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ። ያን ዕለትም እንደዚያው አደረግኩ። ታላቅ እህት ሕመሟን ደብቃለች፣ ታናሽ እህት አጋልጣታለች፤ በቃ፣ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

እህትማማቾች ናቸው። ታላቅየዋ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የስልክ ጥሪ ማዕከል ውስጥ ትሠራለች። «ፊት የማይጠየቅበት ሥራ ፈልጌ ነው» ብላኝ ነበር በመጀመሪያው ቀን፣ እየሳቀች። ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ ብጉሩ ሁለቱንም ጉንጮቿን ቦርቡሯቸዋል። ታናሽየዋን «ሚጣ» ነው የምትላት። ሚጣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ መነጽር ቤት ውስጥ ሻጭ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ በመስታወት መካከል ትውላለች። መጀመሪያ የመጡ ዕለት ነርሳችን ሲስተር አገጯን ይዛ፣ «ይኼ ፊት እኮ ዝንብ ያንሸራትታል! አንቺ ለምን መጣሽ?» ብላ ሁላችንንም አስቃን ነበር።

ለሥራዬ አንድ ልማድ አለኝ። ታካሚው ከመቀመጡ በፊት አስታማሚውን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ መብራቱን አስተካክላለሁ፤ አንድ የሙከራ ፎቶም አነሳለሁ። ባዶ ወንበር ላይ ያስተካከልኩት መብራት ሰው ሲቀመጥበት ይከዳኛል። ጠባሳ ጉድጓድ ስለሆነ ያለ ጥላ አይታይም፤ መብራቱ ትንሽ ካዘነበለ የዳነው ያልዳነ፣ ያልዳነውም የዳነ ይመስላል። ሲስተር በዚህ ታሾፍብኛለች። «ሰዓሊው፣ ዛሬስ ማንን ነው በከንቱ የምታስውበው?» ትለኛለች። የሙከራዎቹን ፎቶዎች መጣል አለብኝ፤ ጥዬ ግን አላውቅም።

ጠየም ያለ ቆዳ ከሌዘር በኋላ ጠቁሮ ሊቀር ስለሚችል፣ ሐኪሟ መጀመሪያ ግራውን ጉንጭ ብቻ በሦስት ቀጠሮ ለማከም ወስና ነበር። ደህና ከሆነ ወደ ቀኙ ትሻገራለች። ቅጾቹ የተሞሉበት አራተኛው ቀጠሮ የቀኙ መጀመሪያ ነበር።

እንደተለመደው ሚጣን አስቀመጥኩ። ፀጉሯን በግራ በኩል ለቃዋለች፤ ዱቄቱንም ወፈር አድርጋ ተቀብታለች።

«ፀጉርሽን መለስ አድርጊልኝ።»

«ለመብራት ብቻ ከሆነ በቀኝ በኩል አይበቃህም?»

«መብራቱ የሚመጣው በግራ ነው።»

ፀጉሯን ጆሮዋ ኋላ ሰክታ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ የማየው ጥላውን እንጂ እሷን አልነበረም። አነሳሁ። ቀጥላ ታላቅየዋ ተቀመጠች፤ እሷንም አነሳሁ። ሲስተር ወስዳ ቀኝ ጉንጯን ማደንዘዣ ቅባት ቀባቻት፣ በስስ ፕላስቲክም ሸፈነችው። ቅባቱ እስኪሠራ አርባ ደቂቃ ይወስዳል።

በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ ለሐኪሟ ማወዳደሪያ አዘጋጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን የታካሚዋን እያንዳንዱን የግራ ጉንጭ ጉድጓድ በቀይ እስክሪብቶ ያሰፈርኩበት ግልጽ ፕላስቲክ አለኝ፤ አሥራ ሰባት ነጥብ። ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ ፕላስቲኩን እላዩ ላይ አስተኛሁት። ነጥቦቹ አንድ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። መንጋጋው አጠገብ በሰልፍ ያሉት ሦስቱ፣ ከአፍንጫው ጎን ያለው ሰፊው፣ ሁሉም። አንድም አልተዛነፈ።

ሕክምናው መክሸፉ ነው ብዬ ሐኪሟን ጠራኋት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይኼ እኮ የእሷ ጉንጭ አይደለም።»

«ዶክተር፣ ነጥቦቹ ልክ ገቡ እኮ። ይዩዋቸው።»

«ጆሮዋን እየው። የእኛዋ ጆሮዋን አልተበሳችም።»

የተበሳ ጆሮ ነው፤ ትንሽዬ ሎቲ አለበት። ቸኩዬ የከፈትኩት የሙከራውን ፎቶ ነበር።

ፕላስቲኩን ማንሳት አስፈራኝ። ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የፊተኞቹን ሙከራዎች አልጣልክም አይደል?» አለች። ከፈትኳቸው። በመጀመሪያው ቀጠሮ የተነሳው የሚጣ ጉንጭ እንደ ዕንቁላል ልሙጥ ነው። በሁለተኛው ከጉንጯ አጥንት በታች አምስት ጉድጓድ አለ። በሦስተኛው አሥራ አንድ። በዛሬው አሥራ ሰባት።

«መጀመሪያ ያከምኩት የላይኛውን ክፍል ነው» አለች ሐኪሟ ለራሷ። «ከላይ ወደ ታች።»

«ምናልባት ብጉር ወጥቶባት ይሆናል።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቆዳ አይቻለሁ፤ ብጉር ሳይወጣ ጠባሳ ግን …» አልጨረሰችውም። «ጥራት እስቲ።»

ሚጣ ገብታ ኮምፒውተሩን ስታይ አልደነገጠችም። ለረጅም ጊዜ ቆማ ስትጠብቅ ተራዋ የደረሳት ሰው ነው የመሰለችኝ። ሐኪሟ እርጥብ ጥጥ አንስታ ዱቄቱን ጠረገችላት። መብራትም አላስፈለገው።

«መቼ ጀመረሽ?»

«እናንተ ስትጀምሩ።»

«ያምሻል?»

«ቅጹ ላይ ጽፌዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ መርፌ፣ ያ ትራስ፣ ስለ ራሷ ነው የጻፈችው።

ሚጣ ቆማ ነገረችን። በመጀመሪያው ቀን በሩ ሲዘጋ፣ ማሽኑም መንጣጣት ሲጀምር፣ ለእኔ ያድርገው አለች። «ሰው ሁሉ ይለዋል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ደጋግሜ፣ ከልቤ ነው ያልኩት። አምስተኛው ላይ ይሁን ስድስተኛው፣ ጉንጬ ጋለ። መጮህ አማረኝ፤ እጄን ነከስኩ።»

«ለምን ዝም አልሽ የኔ ልጅ?»

«‹ወንፊት› ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኛ።»

ያኔ ሚጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አንድ ግቢ ነበር የሚማሩት። ልጆችን ለማሳቅ አንዴ ብላው ነው፤ ስሙ ግን ከእጇ አመለጠ። ከዚያ ወዲያ ታላቅየዋን በስሟ የጠራት ተማሪ የለም። አንድ ቀን መምህሩ ራሱ ስም ሲጠራ አምልጦት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አታውቅም» አለች ሚጣ። «አትንገሩብኝ። ቀኙንም ጨርሱላት።»

«ሥራሽስ?» አልኳት እኔ።

«ደንበኛ የሚያየው መነጽሩን ነው» ብላ ልትስቅ ሞከረች። ግራው ጉንጯ አልታዘዘላትም።

ሐኪሟ ተነሳች። «እህትሽ ሳትሰማ አልነካትም። ሁለታችሁንም አስታርቃለሁ ብዬ አይደለም፤ የምሠራውን አውቄ መሥራት ስላለብኝ ነው።»

ሦስታችን ወደ ሕክምናው ክፍል ስንሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ታላቅየዋ አልጋው ላይ ተጋድማለች፤ ዓይኖቿ በሁለት ትንንሽ የብረት ክዳኖች ተሸፍነዋል። ሲስተር ቅባቱን ጠርጋ፣ እንደ ልማዷ መደንዘዙን ለማረጋገጥ የመርፌ ጫፍ አንስታለች። የሆነውን አንዳች አታውቅም። ቀኝ ጉንጯን ጠቅ አደረገቻት።

«ይሰማሻል?»

«ምንም» አለች ታላቅየዋ፣ ተረጋግታ።

አጠገቤ ሚጣ «አህ!» ብላ ቀኝ ጉንጯን ያዘች።

ሲስተር ዘወር አለች። «ምነው?» አለች። ሐኪሟ በሩ መሐል ቆማ ቀረች። እኔ የሚጣን ጣቶች እያየሁ ነበር፤ ስታነሳቸው ጉንጯ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ ነበረች።

«ማነው ያመመው?» አለች ታላቅየዋ፤ ክዳኖቹን አንስታ ቀና አለች።

ሐኪሟ የስሙን ነገር ብቻ ትታ፣ ሌላውን ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ ነገረቻት። ታላቅየዋ አልጮኸችም፣ አላመነችምም። ፎቶዎቹን እንዳመጣላት ጠየቀች። ኮምፒውተሩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ፕላስቲኩን በራሷ እጅ አስተኛችው፣ አነሳችው፣ እንደገና አስተኛችው።

«ነይ» አለች።

ሚጣ ሄዳ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። ታላቅየዋ በጣቷ የእህቷን ጉንጭ መዳሰስ ጀመረች፤ ሰው የገዛ ቤቱን በጨለማ ሲዞር እንደሚሄደው ነበር አካሄዷ።

«ይቺን የፈተና ዕለት ነው ያፈረጥኳት» አለች። «ይቺ ደግሞ የአክስታችን ሠርግ ጊዜ የወጣችው። ይቺ ሰፊዋ … ለይቺስ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣሁም።» ጣቷ መንጋጋው ላይ ቆመ። «ሁሉም አሉ። አንድም አልቀረ።»

«እትዬ፣ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ያን ስም …»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ከአጥሩ ኋላ ቆሜ ነበር። ድምፅሽን የማላውቅ መሰለሽ? ከሳቁት ሁሉ ሳቅሽን ለይቼ ነው የሰማሁት።»

ሚጣ ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፋች። ሲስተር የስሙን ነገር ባታውቅም እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ሐኪሟ ማሽኑን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች።

«ዛሬ ይቅር» አለች። «ሂዱና አስቡበት። ግማሽ ፊትሽ ድኗል፤ የቀረው አይሸሽም።»

«አይቀርም!» አለች ሚጣ ቀና ብላ። «እኔ ፈቅጃለሁ ዶክተር። የእኔ ጉዳይ ነው።»

«አንቺ ዝም በይ። ያንቺን ሰምተናል» አለቻት ታላቅየዋ።

የእጅ መስታወት ጠየቀች። ሲስተር ሰጠቻት። ፊቷን ወደ ቀኝ አዞረች፣ የዳነውን ጉንጭ አየች። ወደ ግራ አዞረች፣ ያልዳነውን አየች። ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ መስታወቱን ወደ እህቷ ፊት አዙራ ያዘችው፤ ሚጣም ሳትሸሽ ራሷን አየች። ታላቅየዋ ልትነሳ ነው ብዬ መንገድ ለቀቅኩላት። እኔ ብሆን እነሳ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ግን ጉንጬ ሙሉ ነው፣ ማንም በፊቴ ስም አውጥቶልኝ አያውቅም፣ እንዲህ ማሰብ አይከብደኝም።

መስታወቱን ለሲስተር መለሰች። ተጋደመች። የብረት ክዳኖቹን ከጎኗ አንስታ ዓይኖቿ ላይ ራሷ አደረገቻቸው፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«ይቀጥሉ ዶክተር» አለች። «ግን ከበሩ ውጭ አትቀመጥም። እዚህ፣ ጆሮዬ ሥር ትቀመጥ። ስታለቅስ ልስማት።»