ቀይ ጨርቅ የለበሰው ዋርካ

የክሬኑ መኪና በጠባቧ መንገድ እኩሌታ ድረስ ገብቶ ቆመ። ከዚያ አንድም ሰው ሳይወርድ ወደ ኋላው መመለስ ጀመረ።

ሲዩኪም የያዘችውን የተማሪ ቀሚስ የስፌት መኪናዋ ላይ ጥላ ሮጣ ወጣች።

"የት ነው የምትሄዱት? አለቃ ሊያንግ! ቤቱ እኮ ይሄ ነው!"

አለቃ ሊያንግ በታይናን ከተማ ዙሪያ ትልልቅ ዛፍ እየቆረጠ የሚኖር አጭር፣ ደንዳና ሰው ነው። አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ቤቱንስ አውቀዋለሁ፣ አክስቴ። ባለፈው ሳምንት መጥቼ ለክቼው የለ? ያኔ ግን ራቁቱን ነበር።"

"ማነው ራቁቱን የነበረው?"

በአገጩ ጠቆማት። በግቢዋ ጥግ የቆመው ዋርካ፣ በመንገዱ በኩል፣ ወገቡ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮለታል። ከሥሩ ብርቱካንና አንድ ስኒ ሻይ ተቀምጧል። እሷ ጠዋት በጓሮ በር ስለወጣችና ስለገባች አላየችውም።

"የለበሰ ዛፍ መንፈስ ያደረበት ነው፤ አልቆርጥም" አለ ሊያንግ። "ሚስትና ልጆች አሉኝ።"

"እኔ አላለበስኩትም!"

"እሱ ማን እንዳለበሰው አይጠይቀኝም። ማን እንደቆረጠው ነው የሚጠይቀው።"

ሲዩኪም ቀና ብላ አየች። ዓይኗ ያረፈው ጨርቁ ላይ አልነበረም፤ ከግንዱ ወጥቶ በጓዳው ቆርቆሮ ላይ በተዘረጋው፣ የሰው ወገብ በሚያህለው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ከቆርቆሮው ሥር አማቷ ተኝተዋል። አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። አምና በአውሎ ነፋሱ ጊዜ ከዚህ የሚያንስ ቅርንጫፍ ጣሪያውን በስቶ ከትራሳቸው አጠገብ ወርዶ ነበር። ክፍል እንቀይር ስትላቸው "ባሌ ከዚህ ክፍል በሳጥን ነው የወጣ፣ እኔም በሳጥን ነው" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አሁን ደግሞ ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ እሑድ ሌላ አውሎ ነፋስ ይደርሳል እያለ ነው።

"እሺ ምን ይደረግ?" አለች፣ ድምጿን ዋጥ አድርጋ።

ሊያንግ ራሱን አከከ። "ከሰፈሩ መቅደስ ጠባቂው ይምጣ። ዛፉ ይጠየቅ። ሦስት ጊዜ እሺ ካለ እቆርጣለሁ። ግን በተስማማንበት ስድሳ ሺ አይሆንም፣ አክስቴ። ለመሥዋዕቱ አለ፣ ለያንዳንዱ ሠራተኛ ክፉ እንዳያገኘው በቀይ ፖስታ የሚሰጥ ገንዘብ አለ። ልጆቹ ፈርተው ነው የሚወጡት፤ ፈርቶ የሚሠራ ሰው ደግሞ ይዘገያል፣ ክሬኑ በቀን ነው የሚከራየው። ዘጠና ይሆናል።"

"ከነጉቶው?"

"ጉቶው ድሮም ሒሳቡ ለብቻው ነው።"

"ጉቶው ለብቻው!" አለች ሲዩኪም። ስድሳ ሺው የትምህርት ቤት መክፈቻ ሰሞን የስፌት ገቢዋ በሙሉ ነው፤ ዓይኗ እስኪቀላ የቀመቀመችው የቀሚስ ጠርዝ ሁሉ ነው። በአንድ ክንድ ጨርቅ ሠላሳ ሺ ሲጨመርባት ደሟ ፈላ። ማን እንዳሰረው ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አላጠፋችም። በሰፈሩ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ አንድ ሰው ነው።

ቴንግፋ፣ ድሮ ሞተር ብስክሌት ይሸጥ የነበረው ጎረቤቷ፣ በረንዳው ላይ በካናቴራ ተቀምጦ ሐብሐብ ይበላል።

"ጋሽ ቴንግፋ፣ ጨርቁን አንተ ነህ ያሰርከው?"

"ጨርቅ?" ፍሬውን ተፋ። "አዎ። ምነው፣ አያምርም?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠሉ አሸንዳዬን ደፈነው ስትል አልነበር? ሥሩ ግድግዳዬን ሰነጠቀው ብለህ በሰፈሩ ሹም ፊት ያስፈረምከኝ አንተ አይደለህም? ቁረጪው፣ ቁረጪው እያልክ እንቅልፍ የነሳኸኝ?"

"ያ በፊት ነዋ።"

"ከምን በፊት?"

ቴንግፋ አንዴ ሚስቱ ያለችበትን ጓዳ አየና ድምጹን ዝቅ አደረገ። "ግንዱ ላይ ቁጥር አየሁ። ቅርፊቱ ላይ፣ ቁልጭ ብሎ። ሎተሪ ቆረጥኩበት፣ ወጣልኝ። ትንሽ ነው፣ ግን ወጣልኝ። አንቺ ብትሆኚ አታመሰግኚም?"

"በሰው ግቢ ገብቼ አላመሰግንም!"

"አልገባሁም፤ ባጥሩ ላይ ተንጠራርቼ ነው። ደግሞ እግዜር የሰው ግቢ የእግዜር ግቢ ይላል እንዴ? አትቆጪ፣ ሲዩኪም፣ ደም ግፊት አለብሽ።"

"ደም ግፊቴ አንተ ነህ!" ብላ ወጣች።

ከቀትር በኋላ የመቅደሱ ጠባቂ አጎት ኪት ሁለቱን እንጨቶች ይዞ መጣ። እንደ ጨረቃ የጎበጡ፣ ባንድ ወገን ጠፍጣፋ፣ በሌላው እንደ ሆድ ያበጡ፣ ከእጅ ብዛት የጠቆሩ ናቸው። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። ቴንግፋ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ባለ ድግስ ይመስል ከፊት ቆመ።

ሲዩኪም ተንበረከከች። ከልቧ ነበር የተንበረከከችው፤ በሕይወቷ በእነዚያ እንጨቶች ቀልዳ አታውቅም። "እንድንቆርጥህ ትፈቅዳለህ?" ብላ ጣለች። ሁለቱም ጠፍጣፋቸው ወደ ላይ ሆነ።

"ሳቀ፤ እሺም እምቢም አላለም" አለ አጎት ኪት።

ደግማ ጣለች። አሁንም ሳቀ። ከኋላ አንድ ሰው አብሮ ሳቀ፤ ቴንግፋ ነበር። "አየሽ? መሄድ አይፈልግም። እኔ ነግሬሽ ነበር።"

አጎት ኪት ጎንበስ ብሎ እንጨቶቹን አነሣና በመዳፏ አስቀመጠላት። "በአፍሽ የምትጠይቂውና በሆድሽ ያለው ተለያይቷል፣ ልጄ። ሲለያይ ይስቃል። በሆድሽ ያለውን ጠይቂ።"

በሆዷ ያለውን ታውቀዋለች። ነገር ግን በንዴት የእግዜርን ስም መጥራት አስፈራት። ዓይኗን ጨፈነች፤ አማቷ በጓዳ ሲያስሉ ይሰማታል። ከዚያ ድምጿን ከፍ አደረገች፤

"ባልተጠየቀ ጨርቅ ያለበሰህ ሰው፣ በጨርቁ የመጣውን ጭማሪ እሱ ይክፈል?"

አንዱ በጠፍጣፋው፣ አንዱ በሆዱ ሆነ። እሺ ነው። ደገመች፤ እሺ። ሠለሰች፤ እሺ።

አንዲት ሴት "ይበለው!" ስትል ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመረ።

"ቆይ፣ ቆይ!" አለ ቴንግፋ ፊቱ ቀልቶ። "መሬቱ ወጣ ገባ ነው! ይደገም!"

"ሦስት ጊዜ እሺ ያለ ነገር አይደገምም" አለ አጎት ኪት። "ካላመንክ ራስህ ጠይቅ።"

ቴንግፋ ሱሪውን ሰብስቦ ተንበረከከ። "ግማሹን ብከፍልስ?" ብሎ ጣለ። የሁለቱም ሆድ ወደ ላይ ሆነ፤ አይሆንም ማለት ነው።

"ከግማሽ ትንሽ ከፍ ቢልስ?"

"አንተ! ከእግዜር ጋር ሞተር ብስክሌት ልትሸጥ ነው?" አለች ሚስቱ ከበራቸው ላይ። "ያንን የሎተሪ ብር አምጣና ስጥ! ለኔስ መቼ ነገርከኝ?"

ያኔ ሲዩኪም እንጨቶቹን ወስዳ የመጀመሪያውን ጥያቄ ደገመች፤ አንድ ቅርንጫፍ በመቅደሱ ግቢ እናጸድቅልሃለን፣ ልብስህንም ይዘህ ወደዚያ ትዛወራለህን አለችው። ሦስት ጊዜ እሺ አለ። ጭማሪውን ቆጥሮ ሰጥቶ፣ ጨርቁን ፈትቶ፣ ቅርንጫፉን በትከሻው ተሸክሞ እስከ መቅደሱ የሄደው ቴንግፋ ነው። አሁን የሳቀ ሰው አልነበረም፤ እሷም አልሳቀችም።

የሊያንግ ሠራተኞች ዛፉን በማግስቱ ቆረጡ። በጓዳው ላይ የነበረውን ትልቁን ቅርንጫፍ በክሬን አውርደው ሲያጋድሙት ውስጡ ባዶ ነበር፤ ክንድ ቢሰዱበት የሚውጥ፣ ጥቁር ብስባሽ። ሊያንግ ወደ ቆርቆሮው ቀና ብሎ አየና ኮፍያውን አወለቀ። እሑድ ሌሊት ነፋሱ ሰፈሩን ሲገርፍ አማቷ አንኮራፉ። ሲዩኪም አጠገባቸው ቁጭ ብላ አመሰገነች፣ ቴንግፋንም ረገመች፣ እንደገና አመሰገነች።

ከሳምንት በኋላ መጥረጊያዋን ይዛ በልማድ ወጣች። የሚጠረግ ቅጠል የለም። ጉቶው ብቻ፣ ለብቻው የሆነው ጉቶ፣ እንደ ተተወ ጠረጴዛ ተቀምጧል። ቴንግፋ ባጥሩ ላይ ብቅ አለ፤ ግንባሩ በላብ ርሷል።

"ሲዩኪም፣ የከሰዓት ፀሐይ እኮ ቀጥታ መኝታ ቤቴ ገባ። ምድጃ ሆኗል። ያው ያንቺ ዛፍ ስለነበረ ... አንድ ነገር ብትጋርጂልኝ ምናለ?"

ሲዩኪም መጥረጊያውን ጉቶው ላይ አስደገፈች።

"መቅደስ ሂድ" አለችው። "ሦስት ጊዜ ጣልና ጠይቅ።"