የገብረየስ ዩካዎች

ገብረየስ በሞተ ሰሞን የአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ በረዶ ለብሳ ነበር። ለቀስተኛው ብዙ፣ ወጥ ቤቱ ጠባብ ሆነና ሴቶቹ ትልልቆቹን ድስቶች ውጭ አውጥተው በፈላ ውሃ አጠቡ። እጣቢውንም በመኪና መግቢያው ጠርዝ ባለው መደብ ላይ ደፉት። ሦስቱ ዩካዎች፣ የገብረየስ ባለ ሹል ቅጠል ተክሎች፣ የቆሙት እዚያ ነበር። የማንም ክፋት የለበትም። ለቅሶ የመጣ ሰው የሚደፋበትን አይመርጥም፤ ባሏ የሞተባትም ሴት ተነሥታ "እዚያ አትድፉ" አትልም።

ሚስቱ የወይንሐረግ በመስኮት አይታለች።

በረዶው ቀልጦ ምድር ሲገለጥ፣ እንደ ጦር ቀጥ ብለው ይቆሙ የነበሩት ቅጠሎች ቡናማ ሆነው ተንጠልጥለው አገኘቻቸው። ግንዱን በአውራ ጣቷ ብትጫነው ጣቷ ሰመጠ።

ዩካዎቹን ገብረየስ ያመጣቸው ቤቱን የገዙ ጊዜ፣ አሌክሳንድሪያ ከሚኖረው ከጓደኛው ከእንግዳወርቅ ግቢ ነው። "ውሃ አይለምኑ፣ ማዳበሪያ አይለምኑ፤ ልክ እንደኔ" ይል ነበር። እሷም "መውጋታቸውስ ወደ ማን ሄደ?" ትለዋለች። አሁን ምን እንደሚደረግላቸው የሚያውቅ እንግዳወርቅ ብቻ ነው። የወይንሐረግ ግን ከአርባው ወዲህ የሱን ስልክ አላነሳችም።

ምክንያት ነበራት። በለቅሶው ሁለተኛ ቀን እንግዳወርቅ ደረቱን እየደቃ "ወንድሜን! ዓመት ሙሉ በሆድህ ይዘኸው ዞርክ! ለኔና ለልጅህ ብቻ ተንፍሰህ!" እያለ ሲያለቅስ፣ እሷ ለቅሶዋን ድንገት አቆመች። ሴቶቹ ራሷን የሳተች መስሏቸው ውሃ ረጩባት። አልሳተችም። ራሷን ያወቀችው ገና ያኔ ነበር።

ለሷ የተነገራት ጨጓራ ነው ተብሎ ነው። ልጇ ዕዝራ ከሐኪም ቤት እየደወለ "ተሽሎታል እማዬ፣ ጨጓራ ነው" ይላታል፤ እሷም ታምናለች። ኢኮኖሚክስ የተማረች፣ ዕድሜዋን በካውንቲ መሥሪያ ቤት የሰው ሪፖርት ስታርም የኖረች ሴት፣ በርበሬ ከቤቷ አስወጥታ፣ ተልባ ቆልታና ወቅጣ በየማለዳው ባሏን አጠጣች። እሱም ቆሽቱን ካንሰር እየበላው ተልባውን አመስግኖ ጠጣ። በመስከረም የእህቷ ልጅ ሠርግ አትላንታ ሲሆን ሻንጣዋን የዘጋላት ራሱ ነው። "እስቲ እህትሽ ዘንድ ሰንበት ብለሽ ነይ" አላት። ሰንብታ መጣች። በእግሩ የሚሄድባቸው የመጨረሻዎቹ ሳምንታት እነዚያ እንደሆኑ የሚያውቀው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ከሷ በቀር።

እንደዚያም ሆኖ፣ በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ከበሰበሰው ግንድ ቁራጭ በፌስታል ይዛ፣ የዊልሰንን ድልድይ ተሻግራ አሌክሳንድሪያ ሄደች።

እንግዳወርቅ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው፤ ገብረየስን በዕድሜ ይበልጠዋል። በሩን ከፍቶ ሲያያት ፊቱ በራ።

"የወይንዬ! ምነው እህቴ፣ እንዲህ መጥፋት አለ?"

"ለዩካዎቹ ነው የመጣሁት፣ ጋሽ እንግዳ።"

ፈገግታው ቀነሰ። ፌስታሉን ተቀብሎ ቁራጩን ጨመቀ፣ አሸተተ።

"የላሸቀውን ሁሉ ቁረጪው" አለ። "ጠንካራና ነጭ ቦታ እስክታገኚ ውረጂ። መሬት ድረስም ቢሆን አትፍሪ። ከዚያ ተያቸው። ውሃ እንዳታጠጪ፣ እንዳትነካኪ። ዩካ ከላይ ይሞታል እንጂ ከሥሩ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። እስከ ሐምሌም ዝም ሊልሽ ይችላል። ከታች ግን ቡቃያውን እያበጀ ነው።"

"እውነትዎን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

"ከሞቱ፣ ሞቱ ይበሉኝ። ማባበያ አልፈልግም። ከሱ እጅ የተረፈኝ ሕይወት ያለው ነገር እነሱ ናቸው። ቢሞቱም መሞታቸውን ማወቅ ያለብኝ እኔ ነኝ።"

"ምን ነካሽ! አንቺን ልዋሽሽ? ገብረየስ ይሙ..."

ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

"ይጨርሱት እንጂ።"

"ልማድ ነው" አለ፣ ጫማውን እያየ።

"አዎ። ልማዳችሁ ነው።"

ቤቷ ስትመለስ የገብረየስን መጋዝ ከጋራዡ አወጣች። የመጀመሪያው ግንድ እንደ ራሰ ስፖንጅ ነበር፤ የተረሳ ጎመን ይሸታል። ዝቅ፣ ዝቅ እያለች ቆረጠች። መሬቱ አጠገብ ስትደርስ መጋዙ ያዘባት፤ የተቆረጠው ፊት እንደ ላይኛው ቡናማ ሳይሆን እንደ ድንች ነጭ ሆኖ ታያት። እዚያው ተንበርክካ ቁጭ አለች። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነላት። ሦስተኛው ከመሬት እኩል ሆኖ ቀረ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ማለዳ ወደ ሥራ ስትወጣ፣ ማታ ስትመለስ ጉቶዎቹ ዘንድ ትቆማለች። ውሃ አላጠጣችም፤ አልነካካችም። ዕዝራ እሁድ እሁድ ከሚኖርበት ከሎረል ሲመጣ እዚያው ቆማ ያገኛታል።

"እማዬ፣ አውጥተን ሌላ እንትከልበት። ሠላሳ ደቂቃ አይፈጅም።"

"ሌላ አልፈልግም።"

"የዱላ ጉማጅ እኮ ነው የሚመስሉት!"

"አንተን ማን ምርኩዝ አድርጋቸው አለህ? ተዋቸው።"

የጰራቅሊጦስ ዕለት እንግዳወርቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ያዛት። ወትሮ ቅዳሴ ሲያልቅ የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ የሚፈተለክ ሰው፣ ያን ቀን ስለ ጉልበቱ አወራ። ከኮሌጅ ፓርክ ስለተመረቀው የልጅ ልጁ አወራ። ወደ ጉልበቱ ተመለሰ። ሽማግሌ ነውና ጥላው አልሄደችም።

ቤቷ ስትደርስ ከመደቡ ላይ ሦስት አረንጓዴ ችግኞች ቆመዋል።

ወደ ውስጥ አልገባችም። ነጠላዋን እንዳጣፋች ሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ገብረየስ" አለች ጮክ ብላ። ስሙን ብቻዋን ሆና ስትጠራ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ምሳዋን በሳህን ይዛ ወጥታ እነሱ አጠገብ በላች፤ ከጥር ወዲህ ምግቧን ሳትጨርስ የምታነሣዋ ሴት ሳህኑን አጸዳች። እንዲህ በአንድ ጊዜ መውጣታቸው፣ ጉቶዎቹም አለመታየታቸው አልገረማትም። ደስታ ጥያቄ አያበዛም። ለዕዝራ ስትደውል ገና ሳትጨርስ "በቀሉ አይደል!" አላት።

በሳምንቱ መሐል ከባድ ዝናብ ጣለ። ማለዳ ስትወጣ ከችግኞቹ ሥር ነጫጭ ፍርፋሪዎች ታጥበው መግቢያው ላይ ተበትነዋል፤ ከሱቅ በሚገዛ የተክል አፈር ውስጥ የሚደባለቁት ቀላል ጠጠሮች ናቸው። የግቢዋ አፈር ግን ቀይ ጭቃ ነው። የወይንሐረግ ብዙ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ አንዱን ችግኝ አንገቱን ይዛ ሳበችው። ምንም ሳይታገላት ወጣ፤ ሥሩ ገና የተሸጠበትን የፕላስቲክ ዕቃ ቅርጽ ይዟል።

ጉድጓዱን በእጇ ማሰች። ከታች የክንድ ያህል የሚወፍር አሮጌ ሥር በአካፋ ተጨርግዷል። ከተረፈው ቁራጭ ጎን ጣት የሚያህል ነጭ ቡቃያ ወጥቷል፤ ጫፉ ተቆርጦ ጠቁሯል። የሌሎቹም ጉድጓዶች ነገር ከዚህ አልተለየም።

ዕዝራን "ና" አለችው እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገረችውም። መጥቶ ሦስቱን ችግኞች መሬት ላይ ተጋድመው ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

"ደስ እንዲልሽ ብለን ነው እማዬ።"

"ማንና ማን?"

"እኔና ጋሽ እንግዳ። እሱ ቸርች ያቆይሻል፣ እኔ ደግሞ... በመጣሁ ቁጥር እዚህ ስትቆሚ አያለሁ እኮ! ሃርት ብሬኪንግ ነው።"

"ያወጣኸውን የት ጣልከው?"

"ትራሽ። ወስደውታል።"

"ምን ይመስል ነበር?"

"ሥር ነው። ወፍራም። ጎኑ ላይ ነጭ፣ ሹል ሹል ነገር ነበረበት። ሻጋታ መስሎኝ..."

ከጉድጓዱ ያወጣችውን የሥር ቁራጭ መዳፉ ላይ አኖረችለት። "ሻጋታው ይኸ ነው?"

ዕዝራ ቁራጩን አገላብጦ አየው። ሲገባው ጆሮው ቀላ፤ አባቱም እንዲሁ ነበር።

"ሕይወት ነበረው?"

"ነበረው።"

"አባዬ ነው እኮ እንዳትነግሯት ያለን" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። "ትሰበራለች ብሎ።"

የወይንሐረግ እጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ አራገፈች።

"ሞቱን አይደለም የደበቃችሁኝ" አለችው። "ሞትን ማን ይደብቃል? መጥቶ ራሱን ይናገራል። እናንተ የደበቃችሁኝ ከሞቱ በፊት የነበረውን ነው። ያን ደግሞ የሚመልስልኝ የለም።"

"አስተካክለዋለሁ፣ እማዬ። ንገሪኝና..."

"እነዚህን ጫንና ለጋሽ እንግዳ ውሰድላቸው። ግቢያቸው ሰፊ ነው።"

መኪናው ሲሄድ ቆማ አላየችም። የተረፉትን የሥር ቁርጥራጮች ለቅማ በሸክላ ማሰሮ፣ በደረቅ አሸዋማ አፈር ቀበረቻቸው። ማሰሮውንም ልጅም ጎረቤትም ከማያይበት ከቤቱ ጀርባ አስቀመጠችው።

ፍልሰታ ገባ። ሥሩን መቅበሯን ነግራው ነበርና፣ ዕዝራ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለሱ ሆነ።

"ሥሩስ፣ እማዬ? አለ ነገር?"

ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ማሰሮው አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። በአፈሩ መሐል ከጥፍር የማትበልጥ፣ ሹል፣ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ብላለች።

"ምንም የለም" አለችው።

"ምንም?"

"ሞቷል። ተወው።"

ከወዲያ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰማች። "ሶሪ፣ እማዬ" አላት። የማጽናኛ ቃል ጠብቆ፣ ሲያጣ ዘጋ። እሷም አረንጓዴዋን ጫፍ በቁንጣሪ አፈር ሸፈን አድርጋ፣ ወደ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች።