ሁለት ክረምት የተኛ በርጩማ

ጊንጪ ውስጥ በርጩማ የፈለገ ሰው ሆርዶፋ ዘንድ ሄዶ በመጀመሪያ ጉልበቱን ያስለካል። ሆርዶፋ ከተረከዝ እስከ ጉልበት በክር ይለካል። ከዚያ ከጭልሞ ደን ዳር ካመጣው አንድ የዋንዛ ግንድ፣ ያለ ምስማር፣ ሦስቱን እግር ከነመቀመጫው ፈልፍሎ ያወጣና የባለቤቱን ክር ያስርበታል። ይህን ሁሉ አድርጎም አያስረክብም። ጭድ ውስጥ ቀብሮ ሁለት ክረምት ያስተኛዋል።

«እንጨት ሲያጣድፉት ይሰነጠቃል» ይላል፤ «ያውም ሰው እስኪቀመጥበት ጠብቆ።»

በነሐሴ 1976 የእደ ጥበብ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ወጣቱ ገቢሳ፣ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ከዝናቡ ሸሽቶ ገባ።

«ጓድ ሆርዶፋ! ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሠላሳ በርጩማ። ለክብር እንግዶች። በሦስት ሳምንት።»

«የእንግዶቹ ጉልበት የታለ?»

«ምን?»

«ልኬታቸው።»

«ጓድ፣ የእንግዶቹ ጉልበት የመንግሥት ምስጢር ነው።»

«እሺ፣ በዚህ ዝናብ እንጨቱ በምን ይድረቅ?»

«በእሳት!»

ሆርዶፋ ሊስቅ ነበር፤ ገቢሳ አለመሳቁን ሲያይ ተወው። ዋንዛ መቁረጫ ፈቃድ የሚጽፈው ማኅበሩ ነው። ፈቃድ የተከለከለ ጠራቢ መጥረቢያውን ሰቅሎ ዝናብ ሲቆጥር ይውላል። እሺ ካለ ደግሞ አርባ ዓመት ያልተሰነጠቀ ስሙ፣ አንድ ወፍራም ባለሥልጣን ሲቀመጥበት ሁለት ቦታ ይከፈላል።

ገቢሳ ጥግ ወዳለው ጭድ ሄደ። ስምንት በርጩማዎች ተኝተዋል።

«እነዚህማ ደርቀዋል!»

«የሰው ናቸው።»

«የሰፊው ሕዝብ ናቸው» አለና አንዱን መዞ ተቀመጠበት።

ጉልበቱ ወደ ላይ አልተሰቀለም፣ እግሩም አልተንጠለጠለ። የስብሰባ አግዳሚ ያደነዘዘው ወገቡ ቀስ በቀስ ተፈታ።

«ይሄ... ለዋናው እንግዳ ይሆናል» አለ፣ ዐይኑን እንደጨፈነ።

ሆርዶፋ በርጩማው እግር ላይ ያለውን ክር አየ። የደንበኛ ምስጢር ማውጣት ነውር ነበር። ግን ነገ ይህ በርጩማ የማያውቀው ሰው መቀመጫ ሊሆን ነው።

«እሱ ያንተ ነው፣ ልጄ።»

«የእኔ?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት እናትህ አዴ ሲንቄ፣ አንተ ተኝተህ ሳለ ጉልበትህን በክር ለክታ አመጣችልኝ። ስታገባ ልትሰጥህ። ዝም በል ብላኝ ነበር።»

የገቢሳ ጆሮ ጋለ። «አላገባሁም እኮ!»

«እሱን ለእሷ ንገራት። እንጨቱ ግን ደርሷል።»

ገቢሳ ወደቀሩት ሰባት በርጩማዎች ዞረ።

«ያኛው ትልቁ የማነው?»

«የኦቦ መርጋ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸዋል። ከአጠገቡ ያለው የሸምሲያ፤ ሱቋ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውለዋ። የዚያኛው ባለቤት ደግሞ...»

«በቃ፣ በቃ።»

ሁሉንም ያውቃቸዋል። ሸምሲያ ስኳር በዱቤ የምትሰጠው ሴት ናት።

«ለበላይ ምን ልበል? እንግዶቹስ ምን ላይ ይቀመጡ?»

«የትምህርት ቤቱ አግዳሚ አለ። ሠላሳው በርጩማ ደግሞ በ1979 ይደርሳል ብለህ ጻፍ።»

«ሦስት ዓመት! ይስቁብኛል!»

«አገሪቱ የአሥር ዓመት ዕቅድ ስታወጣ ማን ሳቀ?»

ገቢሳ በድንጋጤ ወደ በሩ ዞረ። ከዝናቡ በቀር የሰማ የለም። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፤ ጉልበቱ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ ጠበቀው። «ሠላሳ በርጩማ፣ የረጅም ጊዜ ዕቅድ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የዋንዛ መቁረጫ ፈቃድ ጻፈና ፈርሞ ከደብተሩ ገነጠለው።

«እንኩ፣ ኦቦ ሆርዶፋ» አለ። ጓድ ማለቱን የረሳው አይመስልም። «ዝናቡ እስኪያባራ ትንሽ ልቀመጥ?»

«ባለቤቱ አንተ፣ ፈቃድ የምትጠይቀው እኔን?»

ሆርዶፋ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና መጥረቢያውን ድንጋይ ላይ ይስል ጀመር።