የአድራሻችን ጅራት

የአባቴ መጠገኛ ቤት ስልክ ለምን ዝም እንዳለ በቤታችን ሁለት ታሪክ ይነገር ነበር።

እንደ አባባ አባባል ጥፋተኛው ዘመኑ ነው። "ሰው አሁን የስፌት መኪና አያስጠግንም፤ ጥሎ ሌላ ይገዛል። እኔም ከመኪናዎቹ ጋር አርጅቻለሁ" ይላሉ። እንደ ታላቅ እህቴ አባባል ግን ጥፋተኛው እኔ ነኝ። "የድረ ገጻችን አድራሻ መጨረሻው ዶት ኔት እያለ ስልኩ ፋታ አይሰጥም ነበር። ይሄ ልጅ ጅራቱን ቆርጦ ዶት ኮም ቀጠለበት፤ ከዚያ ወዲህ ፈልጎ የሚያገኘን ጠፋ።"

እውነቱን ለመናገር፣ ዶት ኮም ይሁን ያለችው ራሷ ናት። የደንበኛ ጣት በልማድ ወደ ኮም ይሄዳል እያለች ስድስት ወር ነዝንዛኛለች። ይህን ሳስታውሳት "ቀይር አልኩህ እንጂ አጥፋ አልኩህ?" አለችኝ።

ነገሩ በቀልድ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግድግዳ የሚጋራን ፍራሽ ሻጭ ግን ቦታችንን ለመጋዘን ፈልጎታል፤ አባባም "በወሩ መጨረሻ መልስ እሰጥሃለሁ" ብለውታል። ስልኩ እንዲህ ዝም ካለ መልሳቸው ምን እንደሚሆን እናውቅ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት የተቀመጡበትን በርጩማ እንኳ "ለማን ልስጠው?" ማለት ጀምረዋል።

ድረ ገጹን የሠራሁት ኮሌጅ ሳለሁ ነው። አባባ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እያንዳንዱ የመኪና ሕመም የራሱ ገጽ አለው፤ ክር የሚበጥስ፣ መርፌ የሚሰብር፣ ጨርቅ የሚያኝክ፣ እንደ ሽማግሌ የሚያስል፣ በጠቅላላው ስልሳ ሁለት። ልብስ ሰፊ ሁሉ "መኪናዬ ክር ይበጥሳል" ብሎ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ቀድሞ የሚወጣው የእኛ ገጽ ነበር። አሁን አምስት የውጤት ገጽ ብወርድም አላገኘሁትም።

"ወደ ዶት ኔቱ መልሰው" አለች እህቴ።

"ሁለት ጊዜ ቤት መቀየር ይሆናል። የኢንተርኔቱ መፈለጊያ ለጅራቱ ግድ የለውም፤ ኔትም ኮምም ለእሱ ያው ነው። ግን አዲሱን አድራሻ እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። እኛው መሆናችንን እስኪያረጋግጥ ጥቂት ሳምንት ከፍ ዝቅ ማለት ያለ ነው።"

"ሦስት ወር ነው ጥቂት ሳምንት? ኮሌጅ እንዲህ ነው መቁጠር ያስተማሩህ?"

ልክ ነበረች። በማግስቱ፣ ወሬዋ ስለማይቋረጥ አባባ "ሬዲዮ" የሚሏት ልብስ ሰፊ መኪናዋን ታቅፋ ገባች፤ እሷም አባባን "ዶክተር" ነው የምትላቸው።

"ዶክተር፣ ምን በደልኩዎት? ክር ስለሚበጥሰው የጻፉትን ስልኬ ላይ አስቀምጬ ነበር። ስነካው የእርስዎ ፎቶ ይመጣል። የመርፌውን ብነካ፣ አሁንም ፎቶዎ! መልክዎን አውቀዋለሁ፤ መልክዎ ክሬን አይቀጥልልኝም!"

አባባ እየሳቁ መኪናዋን መፍታት ጀመሩ። እርሳቸው የፈቱትን ብሎን በጣሳ አይሰበስቡም። ካርቶን ላይ የመኪናውን ቅርጽ ይስሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ይሰኩታል። "ሁሉንም አንድ ጣሳ ውስጥ የሚከት ሰው ሲገጥም ያለቅሳል" ይሉኝ ነበር ከልጅነቴ ጀምሮ።

ካርቶኑን ሳይ ጥፋቴ ገባኝ። አድራሻውን ስቀይር የድሮዎቹን ገጾች በአንድ ትእዛዝ፣ ሁሉንም ወደ አዲሱ የፊት ገጽ ነበር የላክኋቸው። ክር የተበጠሰበትም መርፌ የተሰበረበትም መጥቶ የአባባ ፎቶ ፊት ይቆማል። መፈለጊያውም የቱ አዲስ ገጽ የቱን አሮጌ እንደተካ በምን ይወቅ?

"አባባ፣ ብሎኖቹን ጣሳ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ።"

"የትኞቹን?"

"ስልሳ ሁለቱንም።"

ሳስረዳቸው አልተቆጡም። በርጩማቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግተው አዲስ ካርቶን አወጡና የገጾቹን ስም ተራ በተራ መጥራት ጀመሩ። እኔ አሮጌውን አድራሻ ከትክክለኛው አዲስ ገጽ ጋር አያይዛለሁ፤ እህቴ ስልኳ ላይ ትሞክራለች።

"ጨርቅ የሚያኝክ!"

"ገባ!"

"እንደ ሽማግሌ የሚያስል!"

"ገባ! እርስዎን ፈልጎ ነው መሰለኝ!"

ሬዲዮ መኪናዋን ረስታ ታጨበጭባለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አላሳየንም። በሁለተኛው ሳምንት አራተኛው የውጤት ገጽ ላይ ብቅ አልን። አባባ ጠዋት ጠዋት ከሰላምታ በፊት "ስንተኛ ነን?" ይሉኝ ጀመር። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ክር ስለሚበጥሰው የጻፍነው በመጀመሪያው የውጤት ገጽ ሁለተኛ መስመር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ስልኩ ቀደመኝ።

በመጨረሻው ቀን ፍራሽ ሻጩ መለኪያ ሜትር ይዞ መጣ።

"ጋሼ፣ መልሱን ልስማ ብዬ ነው።"

"ሜትሩስ?"

"እግረ መንገዴን ልለካ ብዬ።"

ስልኩ ጮኸ። አባባ ጣታቸውን አንስተው ፍራሽ ሻጩን አስቆሙና ስልኩን አነሡ። "ጨርቅ ያኝካል? ከመቼ ጀምሮ? አይዞሽ፣ የሚድን በሽታ ነው፤ ይዘሽው ነይ።" ሳይዘጉት ሌላ ሰው መደወሉን የሚነግር ጢጥ ጢጥ ሰማን። እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ይቅርታ መጠየቋ መሆኑ ነው።

አባባ ስልኩን አስቀምጠው ተነሡ፤ በርጩማቸውን በእግራቸው ወደ ጠረጴዛው ስር ገፉ። እዚያ ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ እንኳ እስኪሰማ ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦

"አልለቅም! አንተ ፍራሽህን ሌላ ቦታ አንጥፍ፤ እኔ ገና ስልሳ ሦስተኛውን ገጽ እጽፋለሁ።"