ከጅራታሙ ኮከብ ሥር

ደምለው ከሠርግ ፎቶ አንሺው ከአለምነህ የተዋሰውን ካሜራ ድንጋይ ካብ ላይ አደላደለ። ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ሰዓት እላፊው ሊገባ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ ውጭ የተገኘ ሰው ማንነቱን የሚናገርበት ጊዜ አይሰጠውም ይባላል።

በምዕራብ ጅራታሙ ኮከብ ነጭ ጅራቱን ሽቅብ ሰቅሎ ቆሟል። ከተማው ሳምንቱን ሙሉ ደም ነው፣ ረሃብ ነው ሲል ከርሟል። ደምለው ግን ለፊዚክስ ተማሪዎቹ፣ «አቧራና በረዶ ነው፤ ነገ ፎቶውን ታያላችሁ» ብሎ ቃል ገብቷል።

ቁልፉን ተጫነ። ካሜራው ከማንሳቱ በፊት አሥር ሰከንድ ይቆጥራል፤ ሲቆጥር ከሌንሱ አጠገብ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም እንደሚል ደምለው ረስቶት ነበር።

«ማነህ አንተ? የማን ልጅ ነህ?»

ደምለው ባለበት ደረቀ። «የ... የዳባቱ የገዱ ልጅ ነኝ። አስተማሪ ነኝ።»

«የበቅሎ ነጋዴው? እሱስ አስተዋይ ነበር።» ድንቻቸውን ከጃርት የሚጠብቁ ሽማግሌ ከማሳው ጎጆ ወጡ፤ ፋንታዬ ይባላሉ። «ምንድን ነው ቀዩ?»

«ኮከቡን ፎቶ እያነሳሁ ነው አባቴ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ሃያ ሰከንድ ብርሃን የሰበሰበው ካሜራ ኮከቡን በዓይን ከሚታየው አድምቆ አውጥቶታል። ፋንታዬ ግን ኮከቡን አላዩም። ጥፍራቸውን ከሥሩ፣ ጥቁሩ ዳገት ላይ አሳረፉ። ክር የመሰለ ቢጫ መስመር ገደሉን ይወጣል።

«ይኼኛውም ጅራት አለው?»

ደምለው ቀና አለ። ጨለማ ብቻ ነው። ዓይን የማይለየው ጭላንጭል ተጠራቅሞ ነው መስመር የሆነው።

«መብራታቸውን በጋቢ ሸፍነው ነው» አሉ ፋንታዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የበቅሎውን መንገድ ይዘዋል። ወደዚሁ ነው።»

«እነማን ናቸው?»

«አላየሁም። አንተም አላየህም። እነዚህ ቢያገኙብህ የነዚያ ሰላይ ነህ፤ እነዚያ ቢያገኙብህ የነዚህ። አጥፋው!»

ጣቱ ሁለት ጊዜ ሳተ። በሦስተኛው ጅራታሙ ኮከብ ከነመንገደኞቹ ጠፋ። ከታች ጠጠር ተንከባለለ። ፋንታዬ ካሜራውን ነጥቀው ጆንያ ውስጥ ከተቱና ድንች አለበሱት፤ ደምለውን ጎትተው ጎጆው ውስጥ ፍም አጠገብ አስቀመጡት።

ኮቴው ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እንዴት አመሹ አባት? ቅድም ቀይ ነገር ብልጭ ሲል ነበር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ፍም ነው ልጄ። ጃርት እሳት ይፈራል።» ፋንታዬ ጎንበስ ብለው ፍሙን እፍ አሉት። የደምለው ፊት ቀልቶ ታየ።

«ይኼስ?»

«የእህቴ ልጅ ነው።»

ሰውየው ደምለውን ትኩር ብሎ አየው። «ዲዳ ነው እንዴ?»

«ከጃርት የሚሻለው በምን ሆነና፤ እሱም ይፈራል።»

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ከዚያ ኮቴዎቹ አንድ በአንድ አለፉ። ደምለው ሊቆጥራቸው ጀመረና ፈርቶ ተወው።

በማግስቱ ክፍል ሲገባ ከፊት ወንበር ያሉት ተማሪዎች፣ «ቲቸር፣ ፎቶውስ?» አሉት።

«ደመና ነበር» አለ ወደ ሰሌዳው ዞሮ።

ሰማዩ ጥርት ብሎ እንዳመሸ ያላየ ተማሪ አልነበረም። አንድም ሰው ግን ቃል አልተነፈሰም።