የርግቧ ክንፍ

ታናሽ እህቴ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው፤ የሰው ጭንቅላት ስታጥብ ትውላለች። ያን ሥራ ረጅም እጅጌ ለብሳ የምትሠራው በእኔ ምክንያት ነው። ማታ ስትገባ ልብሷ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው። ለምን አትሰበስቢውም እንዳልላት፣ በምን አፌ?

ንቅሳት መማር ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። መስመሩስ እጄ ገብቷል፤ ጥላ ማውጣቱ ላይ ግን ፍዳዬን አየሁ። አሠሪዬም አስተማሪዬም ጋሼ ናቸው። "ከጨለማው ጀምሪና እጅሽን እያቀለልሽ ሂጂ፤ ጫፉ ላይ መርፌው ነካ ነካ ብቻ ያድርገው" ይሉኛል። ማሽን አውሰውኝ ቤት ወስጄ ቆዳ አስመስለው በሠሩት የመለማመጃ ላስቲክ ላይ እለማመዳለሁ። አደራቸው አንድ ነበር፤ እኔ ሳልፈቅድልሽ ሰው እንዳትነኪ።

እኔ ደግሞ አያስችለኝም። ላስቲኩ ላይ አንድ የርግብ ክንፍ ቢያምርልኝ ልቤ አበጠ። እህቴን "ጋሼ ፈቅደውልኛል" አልኳት። ዓይኗን ሳታሽ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

ላስቲክ አይደማም፣ አያብጥም፣ አሥር ጊዜ ቢመላለሱበት ዝም ነው። እህቴ ክንድ ላይ ግን የክንፉ ጥላ የሳሳ መሰለኝና ደገምኩት። ሠለስኩት። ቆዳዋ ቀልቶ ሲነፋ ማቆም ሲገባኝ ጭራሽ እልህ ያዘኝ። "አመመሽ እንዴ?" ስላት "አንቺ ብቻ አሳምሪው፣ እታለም" አለችኝ። ሲድን ቀለሙ ከቆዳዋ ሥር ፈሶ ክንዷ በዱላ የተመታ ይመስል በልዞ ቀረ። አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ወር እንዲህ ከረምን። ባለፈው ሳምንት የፀጉር ቤቱ ባለቤት "የደንበኛ አንገት ላይ ውሃ እያንጠባጠብሽ ነው፣ ወይ እጅጌሽን ሰብስቢ ወይ ሥራውን ተዪ" አለቻት። ስትሰበስበው ደግሞ ደንበኞቹ የቆዳ በሽታ መሰላቸውና ሸሿት። ሥራዋን ከማጣቷ በፊት በሌላ ንቅሳት ልታስሸፍነው እኛ ንቅሳት ቤት መጣች።

ጋሼ ክንዷን ወደ መብራቱ አዙረው አዩት። "ይሄ የርግብ ክንፍ ነው ወይስ የተረገጠ ካልሲ? ማን ነው እንዲህ የተጫወተብሽ?"

"መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ነው፤ ስሙንም አላውቀው" አለች። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

"እሱን ሰውዬ መርፌ ማስነካት አይገባም" አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ቀለም እቀዳለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

በላዩ ላይ ጠቆር ያለ ቅጠል ሊሠሩበት ተስማሙ። ማሽኑን አስነሥተው "ነይ፣ ቆዳውን ወጥሪልኝ" አሉኝ። ክንዷን ስይዝ የተሰበሰበው እጅጌዋ እርጥብ ነው፤ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። ያ እርጥበት መዳፌን ሲነካኝ አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ፈቅደውልኛል ብዬ ዋሽቻት ነው።"

ማሽኑን አላጠፉም። "አውቄዋለሁ። የመርፌው ጭረት ያጋደለበት አቅጣጫ የግራ እጅ ሥራ መሆኑን ያስታውቃል፤ እህቷ አንቺ ነሽ፣ እዚህ ቤት ግራኝም አንቺ ብቻ ነሽ። እስክትናገሪ ነው የጠበቅኩት።"

እህቴ ግን ቀና ብላ አየችኝ። ውሸት እንደነበር መስማቷ ገና አሁን ነው። ክንዷን ከእጄ ቀስ አድርጋ አወጣችና ወደ ጋሼ ዞረች።

"እሷ ትተወው" አለቻቸው። "ራሴ እወጥረዋለሁ።"